ሰደቃ ያልነው ቡሎን

ያን ቡሎን በመጋዝ የነካው ማን ነው?

ይህችን ጥያቄ ይዤ ጸጉሬ ሸብቷል። ሦስት ሰዎችን በየተራ ጠርጥሬያለሁ፤ በእሷ ሰበብ አንድ ደግ ሰው የላከብኝን ሽማግሌዎች መልሻለሁ። ያም ሆኖ መልሱን ዛሬም አላውቀውም። የምጽፈውም አንባቢ እንዲፈታልኝ ብዬ አይደለም። ያየሁትን ካየሁት፣ የገመትኩትን ከገመትኩት ለይቼ አንዴ ላስቀምጠው ብዬ ነው።

ፊደል የቆጠርኩት ዘግይቼ ነው። እኩዮቼ ልጅ ሲያዝሉ እኔ ደሴ ውስጥ በማታ ትምህርት የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ታቅፌ እመላለስ ነበር። አባቴ ክርስቲያን፣ እናቴ እስላም ናቸው፤ ወሎ ውስጥ ይህ ማንንም አያስገርምም። ጦይባ ብላ ስም ያወጣችልኝ እናቴ ናት፤ የተወለደችው ከገራዶ በላይ ባለው ተራራማ አገር ነው። ትምህርቴን ስጨርስ ኮምቦልቻ ውስጥ የእርዳታ እህል የሚያጓጉዙ መኪኖች በሚጠገኑበት ጋራዥ የመለዋወጫ ዕቃ ክፍል ኃላፊ ተባልኩ። ኃላፊ ይበሉኝ እንጂ በክፍሉ ውስጥ ከእኔ ሌላ ሰው አልነበረም።

አንድ ሕግ ነበረኝ፤ የተሰበረውን ያላመጣ አዲስ አይወስድም። የተሰበረውን ተቀብዬ፣ አጥቤ፣ በመስኮቱ ብርሃን አገላብጬ ካየሁ በኋላ ነበር አዲሱን የምሰጠው። ሹፌሮቹ በዚህ ይቀልዱብኝ ነበር። ከሁሉም የሚብሰው አያሌው ነው። ረጅም፣ ሳቂታ፣ ሲስቅ ትከሻው የሚነቃነቅ ሰው ነበር። በመስኮቴ ብቅ ይልና፣ “ጦይባ ሬሳውን ሳታይ ለቅሶ አትደርስም!” ይለኛል። እኔ አልስቅም። እሱ ግን መምጣቱን አይተውም።

ጊዜው ደርግ የነበረበት፣ የሰባ ሰባቱ ድርቅ ሰው የሚያረግፍበት ጊዜ ነው። መኪኖቻችን ሁሉም ጎማቸው የሚስብ፣ መንገድ ለሌለው አገር የተሠሩ ነበሩ። እኛ ዘንድ ግን አልበረቱም። ከልካቸው በላይ ይጫናሉ፤ ወንዝ ውስጥ አንዱ ጎማ ከድንጋይ መሃል ይቀረቀራል፤ ሹፌሩ ሞተሩን ያስጮህና ፍሪሲዮኑን በአንዴ ይለቀዋል። ያ ሁሉ ጉልበት ወደፊት እንዳይሄድ ድንጋዩ ይይዘዋል፣ እንዳይመለስ ሞተሩ ይገፋዋል፤ መሃል ያለው ብረት ይፈነዳል። መሃል ያለው ደግሞ ዲፈረንሻሉ ነው። የዲፈረንሻል ጥርስ አንዴ ከረገፈ፣ መለዋወጫው ባሕር ተሻግሮ እስኪመጣ መኪናው ቆመ ማለት ነው። መኪናው ቆመ ማለት ደግሞ ላይ ያለው ሰው እህል አላገኘም ማለት ነው። ግቢያችን ውስጥ የቆሙት መኪኖች ከሚሄዱት የበዙበት ቀን ነበር።

ለዚህ መላ የፈጠሩት ጋሽ ሰይድ ናቸው። የጋራዡ ዋና ሜካኒክ ነበሩ። ድምፃቸው ግቢውን የሚሞላ፣ ሙገሳ የማይጠሉ፣ ሲቃወሟቸው የሚያኮርፉ ሰው ነበሩ። የሞተሩን ጉልበት ወደ ኋላው ዲፈረንሻል የሚያደርስ ረጅም ዘንግ አለ፤ ከዲፈረንሻሉ ጋር የሚያያዘውም በአራት ቡሎን ነው። ጋሽ ሰይድ ጠንካራዎቹን ቡሎኖች አስወልቀው፣ ከለስላሳ ብረት ራሳቸው በቶርኖ የቀረጿቸውን፣ ወገባቸው ዙሪያውን የሳሳ ቡሎኖች አሰሩ። ጉልበቱ ከልክ ሲያልፍ ቀድመው የሚቆረጡት እነዚህ ናቸው። ዲፈረንሻሉ ይተርፋል። ሹፌሩ መኪናው ውስጥ ከሚይዘው ቆርቆሮ መለዋወጫ ቡሎን አውጥቶ እዚያው አስሮ መንገዱን ይቀጥላል።

“ምን ብዬ ልጥራው? መደርደሪያው ላይ ስም ያስፈልገዋል” አልኳቸው።

“ሰደቃ በይው።”

“ጋሽ ሰይድ!”

“ምነው? ትልቁ መከራ እንዲመለስ ትንሹን ታወጫለሽ። ልጅ ሆነሽ ስታተኩሺ እናትሽ ዶሮ ሰደቃ አታወጣም ነበር? ይኸም ያው ነው። አብሽሪ፣ ጻፊው!”

ጻፍኩት። ስሙ በአንድ ሳምንት ግቢውን አዳረሰ። ሹፌሮቹ ከየደረሱበት ስልክ ሲደውሉ “ዛሬ ሰደቃ አወጣን” ይሉ ጀመር።

እኔም በበኩሌ የእንግሊዝኛውን የጥገና መጽሐፍ ከመዝገበ ቃላት ጋር አስተያይቼ ሳነብ፣ የእነዚህ መኪኖች የእጅ ፍሬን የሚይዘው ያንኑ ዘንግ መሆኑን አገኘሁ። ቡሎኖቹ ከተቆረጡ ዳገት ላይ የእጅ ፍሬን የለም ማለት ነው። ለጋሽ ሰይድ ነገርኳቸው። “መጽሐፍሽ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ያውቃል?” ብለው አኮረፉኝ። ግን ትንሽ ቆይቶ በየመኪናው ጎን ጎማ የሚደገፍበት የእንጨት ታኮ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ አየሁ። ማን አሰበው ሲባል፣ “ሌላ ማን ሊሆን!” አሉ፤ ደረታቸውን እየመቱ።

የአያሌው መኪና ከገራዶ በላይ ባለች አንዲት ወንዝ ማቋረጫ ሁለት ጊዜ ቡሎን ሰብራ፣ ሁለቱንም ጊዜ ተጠግና ሄደች። በሦስተኛው ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። አያሌው እንደተናገረው፣ የመለዋወጫው ቆርቆሮ ባዶ ነበር፤ ያለፈውን ከተጠቀመ በኋላ ሌላ መጠየቅ ረስቷል። ዘወትር አብሮት የሚሄደው ጠባቂ ያን ቀን ለሌላ ሥራ ተጠርቶ ስለነበር፣ ብቻውን መኪናዋን ትቶ ቡሎን እንዲላክለት ሊደውል ገራዶ ወረደ። ሲመለስ ሸራው ተከፍቷል፤ እህሉም ጎድሏል። ሰው አላየም። ዱካው ግን ወደ ላይ፣ ወደ ተራራው ይወጣ ነበር።

ቡሎን ይዘው ሄደው መኪናዋን አስነስተው የመጡት ጋሽ ሰይድ ናቸው። የተሰበሩትን በዘይት ጨርቅ ጠቅልለው መስኮቴ ላይ አስቀመጡ። “እነሆ ሬሳሽ” አሉኝ። እንደ ሌላው ቀን አልቀለዱም፤ ፊታቸውን አዙረው ሄዱ።

አጠብኳቸው። አራት ናቸው። ሦስቱ እንደ ወትሮው የተጠማዘዙ፣ ስብራታቸው ደብዛዛና ሻካራ ነበር። አራተኛው ግን ስብራቱ እስከ ግማሹ ድረስ ለስላሳ ነው፤ ያብረቀርቃል፤ ጎን ለጎን የተሰመሩ ቀጫጭን መስመሮች አሉበት። ጥፍሬን ሳስኬድበት መስመሮቹን ቆጠራቸው። የብረት መጋዝ ነው። አንድ ሰው ይህን ቡሎን አስቀድሞ እስከ ግማሹ ቆርጦታል። አንዱ ሲጎድል ሦስቱ ሸክሙን አልቻሉም።

አራተኛውን ሹራቤ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። እጄ ነው ቀድሞኝ የከተተው።

በማግስቱ ጠዋት የጋራዡ ካድሬ፣ ጓድ እሸቱ፣ ሁለት ጠባቂዎች አስከትሎ መጣ። ወጣት ነው፤ የሸሚዙ እጅጌ ሁልጊዜ የተተኮሰ። ጋሽ ሰይድን ከመሃል አቁመዋቸዋል። አያሌው ከበስተኋላ አንገቱን ደፍቷል።

“ጓድ ጦይባ፣ ሰደቃ ምንድን ነው?” አለኝ።

“እዚህ ቤት ቡሎን ነው።”

“ሌላ ቤትስ?”

“ሌላ ቤት እርስዎ የሚያውቁት ነው።”

“አውቀዋለሁ። የደሴ ሰኞ ገበያ ልጅ ነኝ፤ እናቴም ታወጣለች። ሰደቃ ግን ተቀባይ አለው። መኪናዋ አንድ ቦታ ላይ ሦስት ጊዜ ቆማለች። ‘ገራዶ ላይ ሰደቃ ወጣ’ ተብሎ በመንግሥት ስልክ ተነግሯል። ከዚያ እህል ወደ ተራራው ወጥቷል። ተራራው ላይ ደግሞ ወንበዴ እንዳለ ታውቂያለሽ። ተቀባዩ ማነው?”

“ልጄ፣” አሉ ጋሽ ሰይድ፣ “እኔ እኮ...”

“ልጄ አትበለኝ! ብረቱ እንዲሰበር አድርገህ ሠርተኸዋል ወይስ አልሠራኸውም?”

“ሠርቼዋለሁ! ወላሂ፣ እንዲሰበር ነው የሠራሁት!”

ጓድ እሸቱ ወደ ጠባቂዎቹ ዞረ። “ሰማችሁ።”

በዚያ ዘመን የነበራችሁ “አሻጥር” የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ ታውቃላችሁ። በአሻጥር ተጠርጥሮ ከዚያ ግቢ የወጣ ሰው ቤቱ ሲመለስ አላየንም። ጋሽ ሰይድ ሰባት ቤተሰብ ያስተዳድሩ ነበር።

“የተሰበሩትን አምጪ” አለኝ።

ሦስቱን አመጣሁ።

“ዘንጉ የሚያያዘው በስንት ነው?”

“በአራት።”

“አራተኛውስ?”

ኪሴ ውስጥ ጭኔን ሲነካኝ ይሰማኛል። ያ ቡሎን እሱ እጅ ከገባ ጋሽ ሰይድ አለቀላቸው። መጋዝ ያለበት የእሳቸው ክፍል ነው፤ ቡሎኑን የሠሩት እሳቸው ናቸው።

“ጭቃ ውስጥ ቀርቷል” አልኩ።

እኔ፣ የተሰበረውን ካላየሁ ሞቼ እገኛለሁ የምለው ሴት፣ ጭቃ ውስጥ ቀረ አልኩ። አያሌው ቀና ብሎ አየኝ። ጋሽ ሰይድም አዩኝ። አራቱንም በእጃቸው ነው የሰጡኝ። አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት።

ያች አፍ ስትዘጋ እኔ ውስጥ አንድ ነገር ተወሰነ። ያውቃሉ አልኩ። የቆረጡት እሳቸው ናቸው።

“ጓድ እሸቱ፣” አልኩት፣ “አሻጥር ቢሆን ዲፈረንሻሉ ነበር የሚሰበረው። እነዚህ ቡሎኖች ከታሰሩ ወዲህ አንድም አልተሰበረም። ካላመኑ መኪናዋን እዚያው ቦታ ወስደው ይሞክሯት።”

አሰበ። “እሺ። ልክ እንደዚያን ቀን ትጫን። በራሷ ከሰበረች አምናለሁ። ካልሰበረች ግን ከዚያው በቀጥታ ይዤው እሄዳለሁ። ቡሎኖቹን አንቺ ምረጪ፣ እሱ እንዳይነካቸው።”

አራት ቡሎን መረጥኩ። እያንዳንዱን በብርሃን ዞር አድርጌ አየሁ። አያሌው አሰራቸው። ሐረጎን ስንወጣ ጋሽ ሰይድ ከፊት ለፊቴ በሁለቱ ጠባቂዎች መሃል ተቀምጠው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እኔ ደግሞ ፊታቸውን እያየሁ፣ ተራራው ላይ ላሉት ረሃብተኞች አስበው ይሆን የቆረጡት ወይስ ለሌላ፣ እያልኩ እመረምራቸዋለሁ። ካድሬው ሁላችንንም ያያል። እንዲህ ሆነን ደሴን አልፈን ገራዶ ደረስን።

ወንዟ ጎድላለች። ድንጋዮቹ ጥርሳቸውን አውጥተዋል። አያሌው አራቱንም ጎማ ውሃው ውስጥ አስገባ፤ በቀስታ፣ ሞተሩ እንኳ ሳይጮህ ተሻግሮ ወዲያ ማዶ ወጣ።

“እንደገና” አለ ጓድ እሸቱ።

እንደገና ተሻገረ። ሙሽራ የጫነ ይመስል ነበር።

ሰው ብረት እንዲሰበር ሲለምን አይቼ አላውቅም ነበር። እኔም እየለመንኩ ነበር።

“ጥሩ መኪና ናት” አለ ካድሬው። “ታዲያ ሦስት ጊዜ ለምን ቆመች?” ለጠባቂዎቹ ምልክት ሰጠ። የጋሽ ሰይድን ክንድ ያዙ።

ያኔ ጋሽ ሰይድ ጮኹ። “አያሌው! አንተ ሰው! እኔ በሌለሁበት እንደምትነዳው ንዳት!”

“ሁልጊዜም እንዲሁ ነው የምነዳው፣ ጋሼ” አለ አያሌው። ግንባሩ ላብ በላብ ነው።

“ዋሾ! ፍሪሲዮኑን እንደ ጠላት አይደል የምትረግጠው!”

ገባኝ። አያሌው ካመነ፣ ከዚህ በፊት የተሰበሩትን ዲፈረንሻሎች በሙሉ በራሱ ላይ መጫኑ ነው። አሻጥሩ ከጋሽ ሰይድ ወርዶ እሱ ላይ ሊወጣ ይችላል። ወደ መስኮቱ ተጠጋሁና ዝቅ ብዬ፣ “አያሌው፣ ሬሳዎቹን ሁሉ አይቻቸዋለሁ” አልኩት።

ከዚያ ራሱን በመስኮቱ አወጣ። “ጓድ፣ ሲቀረቀርብኝ አስጩኼ በአንዴ ነው የምለቃት። ሁላችንም እንደዚያ ነን። እህል ጭነን፣ ሰው ላይ ቆሞ እያየን፣ ቀስ ማለት ማን ይችላል?”

“አድርገዋ!” አለ ካድሬው።

አያሌው ከወንዙ መሃል አንዱን ጎማ ሁለት ድንጋይ መካከል ከተተ። ሞተሩ አገሳ። ፍሪሲዮኑን ለቀቀው። ጥይት የተተኮሰ የሚመስል ድምፅ መጣ፤ ጠባቂዎቹ ጎንበስ አሉ። ሞተሩ ይጮሃል፣ የኋላ ጎማ ግን አይዞርም። መኪናዋ ወደ ኋላ ሸርተት ስትል ታኮውን ከሰንሰለቱ ነጥቄ ከጎማው ሥር ወረወርኩት። ውሃው እስከ ጉልበቴ ነበር።

ጋሽ ሰይድ ጭቃው ላይ ተቀመጡ። “አልሐምዱሊላህ! ተሰበረ! አልሐምዱሊላህ!”

ጓድ እሸቱ ራሱ ከመኪናው ሥር ገባ። አራት የተጠማዘዙ ቡሎኖች አወጣ፤ ከሦስቱ ጋር አስተያያቸው። አንድ ናቸው። ዲፈረንሻሉን በእጅ አስዞረ፤ የተሰበረ ጥርስ ድምፅ የለውም። የተተኮሰው እጅጌው በዘይት ጠቁሮ ቆመ።

“ስሙን ቀይሩት” አለ በመጨረሻ። “በስልክ ሰደቃ የሚል ቃል እንዳልሰማ። ስለ እህሉ ገና እንነጋገራለን።”

ስለ እህሉ ግን ማንም ተመልሶ አልጠየቀንም። ይህም ራሱ አስጠረጠረኝ። ለመሆኑ ያን ቀን የመኪናዋ ጠባቂ ለሌላ ሥራ የተጠራው በማን ትእዛዝ ነበር? በጓድ እሸቱ ትእዛዝ ነው። ቆርቆሮውን ባዶ ያደረገውስ? አያሌው። ያወቁትን የደበቁትስ? ጋሽ ሰይድ። ሙከራው ያረጋገጠው ቡሎኑ በራሱ ሊሰበር እንደሚችል ብቻ ነው። ኪሴ ያለው ግን በራሱ አልተሰበረም። አንድ ቀን ማታ ከሥራ ስወጣ ቦርከና ድልድይ ላይ ቆሜ ውሃው ውስጥ ጣልኩት። ጥርጣሬው ግን አብሮት አልሄደም።

ከዓመት በኋላ አያሌው ሽማግሌ ላከ። እኔ ስቄለት የማላውቅ ሴት፣ መምጣቱን እጠብቅ ነበር። አባቴ ደስ አለው፤ እናቴ እልል ልትል አፏን ይዛ ነበር። እምቢ አልኩ። ሰዉ ሁሉ በሃይማኖት ነው አለ። የእናትና አባቴን ቤት እያዩ እንዲህ ማለታቸው ይገርመኛል። እኔ ግን በሐሳቤ ከእሱ ጋር ማዕድ ስቀርብ፣ ያን ባዶ ቆርቆሮ አየዋለሁ። “ረሳሁ” ሲል የነበረውን ድምፁን እሰማዋለሁ። ልጠይቀው አልቻልኩም፤ መጠየቅ ማለት ቡሎኑን መናገር ነው፤ ቡሎኑን መናገር ደግሞ ጋሽ ሰይድን ማስበላት ነው። አያሌው ወደ አሰብ መስመር ተዛወረ። ከዚያ ወዲያ ወሬውን አልሰማሁም።

እናንተ ብትሆኑስ? እኔ በሰው ላይ አልመሰክርም ብዬ ዝም አልኩ፤ ዝም ባልኩ ቁጥር ደግሞ በልቤ ሁሉንም ስከስ ኖርኩ። ያ ዘመን ያስተማረን ይህንን ይመስለኛል። የሰው አፍ ሲዘጋ አይተን ውስጡን ያየን መሰለን።

ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በአንድ የዒድ ቀን፣ ጋሽ ሰይድን ልጠይቅ ደሴ ቤታቸው ሄድኩ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ድምፃቸው ግን ያው ነው። “የብረት ቀባሪዋ መጣች!” ብለው ተቀበሉኝ። እንግዶቹ ሲወጡ ሁለታችን ብቻ ቀረን። ሳላስበው ጀመርኩት።

“ጋሼ፣ ያን ጊዜ ቡሎኖቹ አራት ነበሩ።”

“አውቃለሁ። በእጄ ነው የሰጠሁሽ።”

“አንዱ በመጋዝ ተነክቶ ነበር።”

“እሱንም አውቃለሁ። ከመኪናው ሥር ሳነሳው አይቼዋለሁ።”

“ታዲያ ለምን አደረጉት? ለላይኞቹ ሰዎች ብለው ነው? እኔ አልፈርድብዎትም፤ ማወቅ ብቻ ነው የምፈልገው።”

ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። “እኔ?” አሉ። “እኔ ነኝ ብለሽ ነበር?”

“እርስዎ አይደሉም?”

“አንቺ ልጅ! ቡሎኑ ከቶርኖዬ ወጥቶ አያሌው ዘንድ የሚደርሰው በማን እጅ ነው? ያ ተራራ የማን እናት አገር ነው? ይባስ ብለሽ በካድሬው ፊት አራተኛው ጭቃ ውስጥ ቀረ አልሽ! ጦይባ ዋሸች። ታዲያ እኔ ማንን ልጠርጥር? አንቺን ነው እንጂ! ዘመዶቿ ተርበውባት ነው አልኩ። ሐላሏ ነው አልኩ። አፌን የዘጋሁት እኮ ላንቺ ብዬ ነው።”

“እኔ አልነካሁትም።”

“ወላሂ በይ።”

“ወላሂ።”

መቁጠሪያቸውን ከጭናቸው አንስተው መልሰው አስቀመጡት።

“ይኸን ሁሉ ዘመን፣” አሉ፣ “ከሶላት በኋላ ‘ያ አላህ፣ የዚያችን ልጅ ሰደቃ ተቀበላት’ እያልኩ ዱዓ ሳደርግልሽ ነው የኖርኩት። አሁንስ ለማን ላድርገው?”